የግልቢያ ፈረስ ጠባዩን በድንገት ሲለውጥ መንስኤው እንዴት ይፈለጋል?

እስከ ትናንት ኮርቻ ሲጫንበት ጸጥ ብሎ ይቆም የነበረ ፈረስ ዛሬ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ለመንከስ ከዞረ፣ ወይም በደንገላሳ ሲሄድ የነበረው መሀል መንገድ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስም ካለ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «የት አመመው?» የሚል ነው። በባህር ዳር ዙሪያ ለጥምቀት ጉግስና ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረስ በሚዘጋጅበት ወቅት ግን «ጠግቦ ነው»፣ «አመል አወጣ» እየተባለ አለንጋ ይበዛበታል። ይህ መቅረት አለበት። በሚገባ የተገራ ፈረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባው ሕመም አለ፤ ሕመሙን በግርፋት እንዲችል የተገደደ ፈረስም አንድ ቀን ጋላቢውን ጥሎ ለከባድ ጉዳት ይዳርገዋል።

ምርመራው የሚጀመረው ሳይነኩ በማየት ነው። ፈረሱ ምራቁ ይዝረከረካል ወይ? መዋጥ አቅቶታል ወይ? የራሱን አካል ይነክሳል ወይ? የኋላ እግሩ ይሰንፋል ወይ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢታይ፣ በተለይም ቀደም ባሉት ሳምንታት ውሻ ነክሶት ከሆነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እጅን ወደ አፉ መክተት ፈጽሞ አይገባም፤ ሰውና ሌሎች እንስሳት እንዳይጠጉት ተደርጎ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። ምራቁ የነካው ወይም የተነከሰ ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ይህ ከሌለ የልብ ምቱን ከመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ጣት አሳርፎ መቁጠር ይቻላል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፣ የሰውነቱ ሙቀትም ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ምቱ አርፎም ሳለ ከ60 በላይ ከሆነ፣ በተለይ ሆዱን ዞሮ እያየ መሬት የሚጭር ወይም የሚንከባለል ከሆነ፣ የሆድ ቁርጠት ይጠረጠራልና ሐኪም እስኪደርስ መኖ መስጠት አይገባም። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ በከተማው ዳር የሚግጥ ፈረስ ደግሞ የፌስታል ቁራጭ ጭምር ሊውጥ ስለሚችል ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ቀጥሎ ወደ ጀርባው እንመጣለን፤ እኔ ረጅም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለውም ይህ ክፍል ነው። ኮርቻው ለአንድ ወቅት ቢስማማ ለሌላው ላይስማማ ይችላል፤ በክረምት ለምለም ሣር የወፈረው ፈረስ በበጋ ሲከሳ የኮርቻው እንጨት ጫንቃው ላይና አከርካሪው ላይ ያርፋልና። ገጣባ፣ ማለትም የኮርቻ ቁስል፣ የሚታየው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው፤ ሕመሙ ግን ከዚያ ብዙ ቀን ይቀድማል። ስለዚህ ከግልቢያ መልስ ኮርቻው እንደ ወረደ ላቡን ተመልከቱ፦ በላብ በራሰው ጀርባ መካከል ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ አብዝቶ እንደሚጫን ሊያመለክት ይችላል። ከዚያም በጣት ጫፍ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ከጫንቃው እስከ ሽንጡ በእኩል ኃይል እየተጫኑ መሄድ ነው፤ አንድ ቦታ ሲደርሱ ጀርባውን ካጎበጠ፣ ጭራውን ካወናጨፈ ወይም ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ያንን ቦታ ደግማችሁ ፈትሹ። ከኮርቻው በታች ያለውን ግላስ ገልብጦ ማየትም አይዘንጋ፤ የደረቀ ላብ፣ እሾህ ወይም የተጣጠፈ ስፌት ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጭንቅላቱን የሚያወናጭፍና ልጓም አልጎርስም የሚል ፈረስ አፉ ይታያል። የልጓሙ ብረት የዛገ ወይም ጠርዙ የሰላ ከሆነ ድድና ምላስ ይቆርጣል፤ የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች በውጭ በኩል፣ የታችኞቹ በውስጥ በኩል ሲሰሉም ጉንጭና ምላስ ያቆስላሉ። በጣና ዳር ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አልቅት መታሰብ አለበት። ከረግረግ፣ ከቦይ ወይም ከኩሬ የጠጣ ፈረስ ትንሽ አልቅት በአፍንጫው ወይም በአፉ ገብታ ጉሮሮው አካባቢ ትጣበቅበታለች፤ ከአንዱ አፍንጫ የሚንጠባጠብ ደም፣ ተደጋጋሚ ማንፏረርና ሳል ምልክቶቿ ናቸው። ከምላሱ ሥርና በአፍንጫው ቀዳዳ ባትሪ አብርቶ ማየት ይጠቅማል፣ ማውጣቱ ግን ለሐኪም ይተው።

እግሩን ለመመርመር ፈረሱን ያለ ጋላቢ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ማስሄድ ይበቃል፤ የታመመው የፊት እግር ሲያርፍ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል። ሰኮናውን አጽድቶ ጠጠርና ሚስማር መፈለግ፣ ሙቀቱንም ከሌላው ጋር ማነጻጸር ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሚደነግጥ ከሆነ የዚያን ወገን ዓይን እዩ።

መኖው ሊታለፍ አይገባም። በፎገራና በደምቢያ ጓያ በብዛት ይዘራል፤ ፈረስ ደግሞ በጓያ መርዝ ከሚጎዱ እንስሳት ዋነኛው ነው። ለሳምንታት ጓያ የበላ ፈረስ የጉሮሮው ጡንቻ ሽባ ሲሆን በግልቢያ ጊዜ እየጮኸ ይተነፍሳል፣ ትንፋሽ አጥሮትም ይቆማል፣ የኋላ እግሩም ይደክማል። ይህን ፈረስ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። ለብዙ ቀናት ያለ ሥራ ቆሞ ገብስ ሲበላ ከርሞ በድንገት የተጋለበ ፈረስ ደግሞ ጡንቻው ሊገትርበት ይችላል፤ ሽንቱ ጠቆር ካለ አንድ እርምጃ እንኳ ሳያስገድዱት ባለበት ማቆምና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

አካሉ ላይ ምንም ካልተገኘ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ እየጨመሩ መሞከር ነው፦ አንድ ቀን ያለ ኮርቻ እየጎተቱ፣ በማግሥቱ ኮርቻ ጭኖ ያለ ጋላቢ፣ ቀጥሎ ቀለል ባለና ረጋ ባለ ሌላ ጋላቢ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከተለወጠ የትኛው ችግሩን እንዳመጣው አይታወቅም። ባዝራ ከሆነች ቀኑን መዝግቡ፤ ወንድ ፈረስ የምትፈልግበት ወቅት በ21 ቀን ገደማ ስለሚመላለስ ጠባይዋም አብሮት ሊመላለስ ይችላል። ለውጡ የሚታየው በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ቦታውን መርምሩ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ በምሽት ወደ ደንገሉ አልጠጋም የሚል ፈረስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በግድ አይነዳ።

መንስኤው ተገኝቶ ከተወገደ በኋላም ፈረሱ ሕመሙን እየጠበቀ ለጥቂት ጊዜ ሊሸሽ ይችላል። ስለዚህ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን ኮርቻ አይጫንበት፤ ከዚያም በአጭር እርምጃ ጉዞ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማና ወደ ግልቢያ ይመለስ፤ በመካከል የቀድሞው ምልክት ከታየ ግልቢያው ይቁምና ጀርባው እንደገና በጣት ይፈተሽ።