ወደ ውጭ ስትደውሉ ሂሳቡ አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ እስራኤልና አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነውና «ካርድ በላኝ» የሚለው አቤቱታ አይጠፋም። ታሪፉን ከነአቆጣጠሩ ማንበብ ከዚህ አብዛኛውን ይፈታል።

ችግር፦ ከደቂቃ ትንሽ አለፍ ብዬ ባወራ የሁለት ደቂቃ ተቆረጠብኝ።

አቆጣጠሩ በደቂቃ ከሆነ 61ኛዋ ሰከንድ የሙሉ ደቂቃ ታስከፍላለች። ለስሌት ያህል ደቂቃው 10 ብር ይሁን። 65 ሰከንድ ያወራ ሰው በደቂቃ ሲቆጠርበት 20 ብር፣ በሰከንድ ሲቆጠርለት 10 ብር ከ83 ሳንቲም ይከፍላል። የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ካላካተተ 20ው ብር 23 ይሆናል።

መፍትሄው፦ የአገሩን ዋጋ፣ አቆጣጠሩንና ታክሱ መካተቱን አስቀድማችሁ እዩ። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ብላችሁ ቀሪ ሂሳቡን ጻፉ፤ ደውሉ፤ እንደዘጋችሁ ደግማችሁ እዩ። የጎደለውን የጥሪ መዝገቡ ላይ ካለው ሰከንድ ጋር አስተያዩት።

ችግር፦ ጥቅል እያለኝ ከዋናው ሂሳብ ቆረጠ።

የአገር ውስጥ ደቂቃ ወደ ውጭ አያስደውልም። የዓለም አቀፍ ጥቅልም ቢሆን የትኞቹን አገሮች እንደሚሸፍን ሳይታይ አይገዛም።

ችግር፦ አሜሪካ ደወልኩ፤ ዋጋው ግን የአሜሪካ አይደለም።

በ1 የሚጀምር ቁጥር ሁሉ አሜሪካ አይደለም። ከ1 ቀጥሎ 876 ካለ ጃማይካ፣ 473 ካለ ግሬናዳ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ሳታዩ አትደውሉ። በተለይ የማታውቁት የውጭ ቁጥር አንዴ ጮሆ ከጠፋ መልሳችሁ አትደውሉ፤ ውድ መስመር ላይ አቆይቶ ገንዘብ መልቀሚያ ሊሆን ይችላል።

ችግር፦ ከአሜሪካ የሚደውልልኝ ወንድሜ ሳይነገረው ዋጋ ተጨመረበት።

ምክንያቱ ያለው እዚያው አገር የታሪፍ ደንብ ላይ ነው። ቀድሞ ኩባንያዎቹ የዓለም አቀፍ ጥሪ ዋጋቸውን ለአገሩ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ፣ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ያስገቡ ነበር። ኮሚሽኑ በ1996 እ.ኤ.አ. በገበያው የበላይነት ለሌላቸው ኩባንያዎች ዋጋው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚሰጠውን የቅድሚያ ማስታወቂያ ከ14 ቀን ወደ 1 ቀን አሳጠረ። በ2001 ደግሞ ለአብዛኛው አገልግሎት ማስገባቱን ራሱን አስቀርቶ፣ ዋጋቸውን ለሕዝብ እንዲገልጹ፣ ድረ ገጽ ያላቸውም እዚያው እንዲያወጡ አዘዘ። የወረቀቱ ጣጣ መቅለሉ መልካም ነው፤ ዋጋ የመከታተሉ ሸክም ግን ደንበኛው ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ወንድማችሁ የኩባንያውን ድረ ገጽና ውሉን ይይ። «ኢትዮጵያ ሞባይል» እና «ኢትዮጵያ መደበኛ» ለየብቻ ተጽፈው ከሆነ ያወዳድር። ቤት መደበኛ ስልክ ካላችሁ የጎንደሩ 058 ከውጭ ሲደወል ዜሮው ወጥቶ ከ251 ቀጥሎ 58 ይሆናል።

ችግር፦ ከውጭ ሲደወልልኝ የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር ይወጣል።

ጥሪው በሲም ቦክስ፣ ማለትም ብዙ ሲም በተሰካበት መሣሪያ፣ በሕገወጥ መንገድ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩንና ሰዓቱን ለኦፕሬተሩ አሳውቁ፤ ደዋዩም የሚደውልበትን አገልግሎት ይቀይር።

ችግር፦ ቅሬታ አቀረብኩ፤ መልስ የለም።

«ብሬ ጠፋ» ብቻ ተብሎ የቀረበ ቅሬታ የሚጣራበት መነሻ የለውም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተደወለበትን ቁጥር፣ የጥሪውን ርዝመት፣ ከመደወል በፊትና በኋላ የነበረውን ሂሳብ ጻፉ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውሉና የቅሬታውን መለያ ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ። በዚያ ካልተፈታ እነዚህኑ ይዛችሁ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወደተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ አቅርቡ።