ዓለምን በአንድ የእጅ ቦርሳ፦ የኔሊ ብላይ አሸካከፍ

ከቤታችን ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ሻንጣ የምሸክፈው እኔ ነኝ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ከተጓዡ ልብስ ይበልጣል፤ ለዚያ መላ የለኝም። በአንዲት የእጅ ቦርሳ መሄድ ለምትፈልግ ግን የኔሊ ብላይን መንገድ ላሳያት።

ይህች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1889 ከኒው ዮርክ ማዶ፣ ከሆቦከን ወደብ ብቻዋን መርከብ ተሳፈረች። በስዊዝ፣ በኤደን፣ በኮሎምቦ፣ በሆንግ ኮንግና በዮኮሃማ አድርጋ፣ አገሯን በባቡር አቋርጣ በ72 ቀን ዓለምን ዞረች። የምትሠራበት ጋዜጣ ኃላፊ መጀመሪያ «ሴት ጠባቂ ያሻታል፣ ሻንጣዋም ይበዛል» ብሎ እንቢ ብሏት ነበር።

መጀመሪያ ቦርሳውን ምረጪ፤ ዕቃው በኋላ ይደርሳል። የእሷ 40 በ18 ሴንቲ ሜትር ግድም ነበረች። እኛ ዕቃውን ቆልለን ነው ሻንጣ ልንዋስ ጎረቤት የምንሮጠው።

ቀጥሎ ልብስ። ኔሊ ለሦስት ወር በየቀኑ ቢለበስ የሚችል ጠንካራ ቀሚስ በአንድ ቀን አሰፋች። ለሙቀት አገር ያሰፋችው ሁለተኛው ቀሚስ ቦርሳው አልበቃው አለ። ጥቅል ማንጠልጠል ስለምትጠላ ቀሚሱን ትታ፣ የአምናውን የሐር ሸሚዝ እንደምንም ጠቅጥቃ አስገባች። አንቺም ወፍራሙንና ካፖርቱን ለብሰሽ ውጪ፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ስስ ስሱ ብቻ ነው። ካልሲውን ጠቅልለሽ ነጠላ ጫማው መሃል ሸጉጪው። መርፌና ክር አትርሺ፣ እሷም ይዛለች።

ቅባት ላይ ግን ጨክኚ! ኔሊን ያማረራት አንድ ብልቃጥ የፊት ክሬም ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ቦታ ይይዛል፣ ቦርሳው እንዳይዘጋ በሚያደርግ ቦታም ሁሌ ይገኛል። ለመንገድ የሚበቃሽን በትንሽ ዕቃ ቀንሰሽ ያዢ። ሙሉ ጠርሙስ ሎሽን ይዘው የሚመጡ የአክስት ልጆች አሉኝ፤ እነሱን ማሳመን አቅቶኛል።

ገንዘብ አንድ ቦታ አይቀመጥም። 200 ፓውንዷን ወርቁን ኪሷ፣ የወረቀት ገንዘቡን በቆዳ ከረጢት እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አድርጋ ነበር የያዘችው። ሽጉጥ ያዢ ያላትም ነበር፤ አልያዘችም።

ለመንገድ ግዢ ትንሽ ቦታ ተዪ፣ መግዛትሽ አይቀርም። ይህቺው ቆጣቢ እንኳ ሲንጋፖር ላይ ጦጣ ገዝታለች።