የሞተር የኋላ ኦይል ሲል በግቢዎ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ካለ፣ ፍሪሲዮኑ ዘይት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ዳገቱ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ ሲያነሣ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ሳህን) ያለው ዘይት ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ያረጀ የኋላ ኦይል ሲልም (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ከኋላ በሚወጣበት ዘይቱን የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) ሜዳ ላይ የደበቀውን ጉድ እዚያ ያወጣዋል። ላስቲኩ ርካሽ ነው። እሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው (ከክራንክሻፍቱ ጀርባ የታሰረው ከባድ ክብ ብረት) መውረድ አለባቸው፤ አንዲት ስህተት ይህን ሁሉ እንደገና ታስወርዳለች።

የመጀመሪያው ስህተት በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ የሚንጠባጠብ ዘይት አይቶ ወዲያው መፍቻ ማንሣት ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አሮጌ ሂሉክስ ላይ ሙሉ ቀን የከሰርሁት በዚህ ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከላይ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነበር፤ በሞተሩ ጀርባ በቀጭኑ ወርዶ ልክ ከኦይል ሲሉ እንደፈሰሰ ይመስላል። መጀመሪያ ሞተሩን አጥበው ያድርቁ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱ፣ ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዘው ከላይ ወደ ታች ይከታተሉ። ጠብታውን ያሽትቱትም፤ የካምቢዮ ዘይት ብዙውን ጊዜ ድኝ ድኝ ይሸታል።

የሞተሩን መተንፈሻ መርሳትም አለ። ቱቦው ወይም ቫልቩ ከተደፈነ በሞተሩ ሆድ የሚጠራቀመው ግፊት ዘይቱን በደካማው በኩል ይገፋዋል፤ አዲሱም ኦይል ሲል ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል።

በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባትን ስህተት ብዬ አልጠራውም፤ እብደት ነው። ድንጋይ መደርደርም ያው ነው፣ ይሰነጠቃል። በጠንካራ መሬት ላይ በብረት ማቆሚያ ያስደግፉ፣ የባትሪውን ነጋቲቭ ገመድ ይንቀሉ። ካምቢዮውን ሲያወርዱና ሲመልሱ በፍሪሲዮኑ ሸራ ላይ አያንጠልጥሉት፤ ያጣምመዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሮጌውን ኦይል ሲል ሲያወጣ ነው። ካቻቢቴ ሰክቶ መፈልቀቅ ይቀላል፤ ጫፉ ክራንክሻፍቱን ከነካ ግን ጥፍር የሚይዝ ጭረት ብቻ ይበቃል፣ ዘይቱ በዚያች መንገድ ይሾልካል። እኔ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከዘንጉ አርቄ፣ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት እያልሁ አወጣዋለሁ። ከማውጣትዎ በፊት ምን ያህል ጠልቆ እንደተቀመጠ ይለኩ። ካወጡ በኋላ ዘንጉን በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ። አሮጌው ከንፈር (ዘንጉን የሚያቅፈው የኦይል ሲሉ ውስጠኛ ጠርዝ) ለዓመታት ፍቆ የሠራው ቀለበት ካለ፣ ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ አዲሱን ጥቂት ወጣ ወይም ገባ አድርገው ባልተበላው ብረት ላይ ያሳርፉት።

አዲሱን ያለ ልዩነት ዘይት መቀባትም ያስከፍላል። ተራው የላስቲክ ዓይነት ከንፈሩ ላይ ጥቂት የሞተር ዘይት ይፈልጋል። የቴፍሎኑ ግን ደረቅ ሆኖ፣ አብሮት በሚመጣው የፕላስቲክ መምሪያ ይገባል፤ ከገባም በኋላ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ለሰዓታት ዘንጉ ላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳር ውርጭ ውጭ ያደረ ላስቲክ እንደ ቆዳ ይደርቃል፣ ስለዚህ እስኪገጥሙት ድረስ ቤት ውስጥ ያቆዩት። ሲገጥሙ ሞላው ያለበት ከንፈር ወደ ሞተሩ ይዙር። በልኩ በተቆረጠ ቧንቧ ዙሪያውን እኩል ይምቱት፤ በአንድ በኩል ከተዛነፈ አውጥተው ሌላ ይግዙ።

ቮላኖውን በግምት ማጥበቅ ሌላው ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ቡሎኖቹ እስከ ዘይቱ ድረስ ይዘልቃሉ፤ ጥርሳቸው ላይ ማሸጊያ ካልተቀባ ዘይቱ በእነርሱ በኩል ይወጣና አዲሱን ኦይል ሲል ያሳማል። አንዴ ብቻ የሚጠቅሙ ቡሎኖችም አሉ። በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው)፣ በመስቀለኛ ተራ፣ በመኪናው መጽሐፍ ልክ ያጥብቁ።

ዘይት የጠጣውን የፍሪሲዮን ሸራ አጥቦ መመለስ ደግሞ ከልብ ያናድደኛል። ቤንዚን ላዩን ያጥባል እንጂ የጠጣውን አያወጣም፤ ዳገት ላይ ሲሞቅ እንደገና ያልበዋል።