ባህር ዛፍ በመኪና ጭነት ሲሸጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአገራችን ገበሬ ባህር ዛፍ የቁጠባ ደብተር ነው። ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲሠራ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ ይቆረጣል። ስንት ዓመት የተጠበቀ ዛፍ በግማሽ ቀን ግምት ሲሄድ ሳይ ግን ያንገበግበኛል። ነጋዴው በየቀኑ ሲገምት ይውላል፤ ዓይኑ ሠልጥኗል። ባለዛፉ የሚሸጠው በስንት ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ሜትር መያዝ ያለበት እሱ ነው።

ትልቁን ስህተት ላስቀድም፤ ግንዱን በቀጭኑ ጫፍ ማስለካት። ገዢው ሜትሩን ጫፉ ላይ ጣል ያደርግና "14 ነው" ይላል። ማን ይከራከራል? አጎቴ ጓሮ የለካሁት ግንድ 6 ሜትር ይረዝም ነበር። ወፍራሙ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጭኑ 14፣ መሃሉ 22። በቀጭኑ ሲሰላ 0.09 ሜትር ኩብ ብቻ ይወጣል። በወፍራሙ 0.42፣ በመሃሉ ደግሞ 0.23። ግንዱ ያው አንድ ነው። ለእውነቱ የሚቀርበው የመሃሉ ነው፤ ገዢንም ሻጭንም አይበድልም።

አለካኩ ቀላል ነው። የርዝመቱን እኩሌታ ይፈልጉና በከሰል ምልክት ያድርጉ። እዚያ ላይ ሜትሩን ዙሪያውን ያጠምጥሙ። የእኛው 69 ሳንቲ ሜትር መጣ፤ ለ3.14 ሲካፈል ውፍረቱ 22 ሆነ። ከዚያ 0.22 በ0.22፣ ውጤቱን በ0.785፣ እሱን ደግሞ በርዝመቱ በ6 ማባዛት ነው። ስልክዎ ላይ ያለው ማስሊያ ይበቃል።

ወፍራሙንና ቀጭኑን ቀላቅሎ በአንድ ዋጋ መጫንም ብዙ ያስከፍላል። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ፣ የ40 ሳንቲ ሜትር ግንድ የ20ው እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ እንጨት ነው የያዘው። በዚያ ላይ ወፍራሙ ጣውላ ይወጣዋል፣ ቀጭኑ ለአጣና ወይም ለማገዶ ነው። ለይተው ይከምሩ፣ ለይተው ይዋዋሉ።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። የሚጫንበት ቦታ ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 2፣ የክምሩ ከፍታ 1.5 ሜትር ቢሆን 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ግን የክምር ልክ ነው፤ በግንዶቹ መካከል ክፍተት አለ። ቀጥ ያለና በደንብ የተደረደረ ከሆነ ንጹሕ እንጨቱ 8 ገደማ ነው። ጠማማና ቅርንጫፍ የበዛበት ከሆነ ወደ 6 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ሲነገርዎ "በክምር ነው ወይስ በንጹሕ እንጨት?" ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ይህ ሳይጠየቅ ቀርቶ ነው።

"በመኪና ይህን ያህል" ብለው በቁርጥ ከተስማሙ ደግሞ ጫኞቹ የማን እንደሆኑ ልብ ይበሉ። የገዢው ከሆኑ ጠጋ ጠጋ አድርገው፣ ክፍተቱን በቀጭን እንጨት እየሞሉ ይጭናሉ። አልወቅሳቸውም፣ ሥራቸው ነው። ነገር ግን ቁመቱ እስከ የት እንደሚደርስ አስቀድመው ገመድ አስረው ያሳዩ። ርዝመቱንም አይርሱ። ግንዱ 5 ሜትር ሆኖ አንዱ ሜትር ከኋላ ተንጠልጥሎ ከሄደ፣ ሒሳቡ ግን በመኪናው 4 ሜትር ከተሠራ፣ በየአራት ሜትሩ አንድ ሜትር በነጻ ሰጡ ማለት ነው።

ቅርፊቱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህም ከቆረጣ በፊት ይነገር። ያ 22 የነበረው ግንድ ዙሪያውን አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ቅርፊት ቢላጥለት ውፍረቱ 20 ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ መጠኑ ግን ከመቶ 17 ያህል ይቀንሳል። ተልጦ ከተሸጠ ዋጋው ይህን ማካካስ አለበት።

ማገዶ በኩንታል የሚሸጡ ከሆነ እርጥቡን በደረቅ ዋጋ አይደራደሩ፣ ደረቁንም በእርጥብ ዋጋ። እንጨት ሲደርቅ መጠኑ ብዙም አይለወጥም፤ ክብደቱ ግን በጣም ይወርዳል።

የመጨረሻው ቆጠራ ነው። አጎቴ "አራት ጊዜ ተመላልሷል" ሲል ሾፌሩ "ሦስት ነው" አለ። የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ በሦስቱ ተከፈለው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ግንድ ሲጫን ጫፉ ላይ በከሰል ይሰመርበታል፣ የልጁ ደብተር ላይ ይጻፋል። መኪናው ከመነሳቱ በፊትም ሾፌሩ ይፈርምበታል።