ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፦ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት አስተዋጽኦ እንዴት ይጀመራል?

የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ የኖረበት ያውቀዋል። በአንዱ ኅዳር ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋቢ ደርቤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እያመሸሁ ኮድ ጻፍኩ። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት አንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የቀን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የቀን ስሌት ኮድ ላይ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እየጨመርኩ ነበር። ሲያልቅ ከ900 መስመር በላይ ሆነ። ፑል ሪኩዌስቱን (ኮዴን አስገቡልኝ የሚለውን ጥያቄ) ስልክ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «እናመሰግናለን። ሌሎች የዘመን አቆጣጠሮች ዋናው ኮድ ውስጥ እንዳይገቡ ባለፈው ዓመት ወስነናል። ለብቻው ፕለጊን (ከዋናው ኮድ ውጭ የሚጨመር ክፍል) ሆኖ ቢሠራ ይሻላል።»

ውሳኔው እዚያው ፕሮጀክቱ ላይ፣ በተዘጋ ኢሹ (የችግርና የሐሳብ መወያያ ገጽ) ውስጥ ተጽፎ ነበር። እኔ ፈልጌ አላየሁትም፣ አልጠየቅኩምም። አንድ ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ፕለጊኑን እጨርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው «ለኦፕን ሶርስ ኮድ ማዋጣት እፈልጋለሁ» ሲለኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

ለምን አንጠይቅም?

እኛ ዘንድ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ይመስለኛል። «ሳልጨርስ ምን ብዬ ሰው አስቸግራለሁ?» እንላለን። ያልተጠናቀቀ ሥራ ማሳየት ያሳፍረናል። ስለዚህ ደብቀን እንሠራለን፤ ጨርሰን በአንድ ጊዜ እንዘረግፈዋለን።

ሜይንቴይነሩን፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የሚጠብቀውን ሰው ግን አስቡት። የመጣውን ኮድ የሚያነበው፣ የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው እሱ ነው። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሲበላሽ የሚጠግነውም እሱ ነው። ብዙዎቹ ይህን የሚያደርጉት ከሥራ መልስ፣ ያለ ክፍያ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው አምስት መስመር ጥያቄ አይከብደውም። የሚከብደው ሳያስበው የሚወርድበት 900 መስመር ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስም እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ስለ ሊኑክስ፣ ስለሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ለሰው የተናገረው ገና ሳይጨርሰው ነው። ሚኒክስ የሚባል የሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጠቃሚዎችን ምን እንደሚወዱ፣ ምን እንደማይወዱ ጠየቃቸው። የመጀመሪያው ኮድ የወጣው በሚቀጥለው ወር ነው።

መጀመሪያ ደንቡን አንብቡ

መንዝ ሄዳችሁ ጓሳን ካያችሁ፣ ሳሩ ሜዳ ላይ እንደተንጣለለ ታስታውሳላችሁ። አጥር የለውም። ግን አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት በደንብ ነው። ለዓመታት ይከለላል፤ ተመካክረው ሲከፍቱት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ደስ ባለው ቀን ማጭዱን ይዞ የሚገባ ሰው ከደንቡ ጋር ይጣላል። ኦፕን ሶርስም እንደዚያው ነው። ኮዱን ማየት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኮድ ማስገባት ግን የየፕሮጀክቱ ደንብ አለው።

ኤስኪውላይትን እንውሰድ። በየስልካችን ውስጥ ያለ ዳታቤዝ ነው። ኮዱን ማንም ያነበዋል፣ ማንም ይጠቀምበታል። ባለቤቶቹ ግን ኮዱ ክፍት ነው፣ የኮድ መዋጮው ግን ክፍት አይደለም ብለው በግልጽ ጽፈዋል። ይህን ሳያነብ አንድ ወር የደከመ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

ስለዚህ «ሪድሚ» እና «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚባሉትን ፋይሎች አንብቡ። ከዚያ ሐሳባችሁን በሁለት ሦስት ቃል ኢሹዎቹ ውስጥ ፈልጉ። የተዘጉትንም ጨምሩ፤ «አይሆንም» የተባለው ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። የመጨረሻው ኮሚት (የኮድ ለውጥ) መቼ እንደገባም እዩ። ሁለት ዓመት ዝም ያለ ፕሮጀክት ላይ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

ችግሩን በእጃችሁ ያዙት

ባለፈው ክረምት ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ መጣ። ቀን የሚቀይር አንድ ትንሽ ላይብረሪ ላይ ስህተት አግኝቷል።

«ጋሼ፣ ሙሉውን እንደ አዲስ ልጽፈው ነው» አለኝ።

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ስህተቱን አሳየኝ» አልኩት።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብሎ ጻፈ። ፕሮግራሙ መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ መለሰ። ነገሩ ወዲያው ገባን። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ላይብረሪው ግን ሁልጊዜ 5 ብሎ ይቆጥራል። ለዚህ ሙሉውን እንደ አዲስ መጻፍ አያስፈልግም።

እናንተም ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ስህተቱን በአንድ አጭር ምሳሌ አውጡት። የመጨረሻው ቨርዥን ላይም መኖሩን አረጋግጡ።

አሁን መልእክቱን ጻፉ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚልከው እንዲህ ያለ ነው፦

«ሰላም፣ በፕሮጀክታችሁ ላይ መሳተፍ እፈልጋለሁ። ምን ልሥራ?»

ቅን ልብ ነው። ግን ሥራ ፈልጎ መስጠቱን ሜይንቴይነሩ ላይ ይጥልበታል። ከልጁ ጋር ተቀምጠን የጻፍነው ይህ ነው (የላክነው በእንግሊዝኛ ነው)፦

«ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ስቀይር መስከረም 1 ቀን 2016 ሆኖ ይወጣል። ትክክለኛው በጎርጎርዮስ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ተደርጋ የተቆጠረች ይመስለኛል፤ በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች። ስህተቱ በመጨረሻው ቨርዥን ላይም አለ። ስሌቱን አስተካክዬ ሙከራ (ስሌቱን የሚፈትሽ ኮድ) ልጨምርበት አስቤያለሁ። በዚህ መንገድ ብሄድ ትቀበሉታላችሁ? ሌላ ሰው ይዞት ይሆን?»

ምን እንዳለበት ልብ በሉ። ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳገኘ፣ ምን መሆን እንደነበረበት፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችል ጥያቄ አለ። «አዎ» ወይም «አይ» ለማለት ሰውየው አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ሰላምታውን አሳጥሩ። እኛ ሰላምታ ካላበዛን ክብር ያጎደልን ይመስለናል። እዚህ ቦታ ግን «ሰላም» እና «አመሰግናለሁ» በቂ ናቸው። «የተከበሩ» ማለትም አያስፈልግም። ክብሩ የሚታየው ጥያቄውን አጥርታችሁ በማምጣታችሁ ነው። እንግሊዝኛችሁ ከተሰባበረ አትጨነቁ፤ ምሳሌው ግልጽ ከሆነ ይገባቸዋል።

ሐሳቡ ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ አዲስ ባህሪ መጨመር ከሆነ፣ ከዚህ የበለጠ ንግግር ይጠይቃል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ትልቅ ለውጥ ማምጣት የሚፈልግ ሰው ፔፕ የሚባል ሰነድ ያዘጋጃል፤ እሱንም ከመጻፉ በፊት ሐሳቡን ለሌሎች እንዲያቀርብ ይመከራል።

በአደባባይ፣ ከአንድ ነገር በስተቀር

ጥያቄውን ፕሮጀክቱ ባዘዘው ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢሹ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው መንገድ ጻፉ። የሜይንቴይነሩን የግል ኢሜይል ፈልጎ መጻፍ ያጨናንቀዋል፤ መልሱም ለሌላ ሰው ሳይጠቅም ይቀራል።

የደህንነት ቀዳዳ ካገኛችሁ ግን በፍጹም በአደባባይ አትጻፉት። «ሴኪዩሪቲ» የሚል ፋይል ካለ በምን መንገድ በምስጢር እንደሚነገር ይገልጻል። ይህን አደራ እላለሁ። ሳይጠገን የታወቀ ቀዳዳ ሰው ይጎዳል።

ሰዓትና ትዕግሥት

ሜይንቴይነሩ ካሊፎርኒያ ከሆነ፣ የእኛ ምሽት 3 ሰዓት ለእሱ ረፋድ ነው። ዛሬ ጽፋችሁ ዛሬ መልስ አትጠብቁ። ቀጠሮ ከያዛችሁ ደግሞ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ጻፉ። የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዩቲሲ 6 ሰዓት (06:00) ነው። «በ3 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ ትተላለፋላችሁ። ቀኑንም በጎርጎርዮስ፣ ወሩን በስሙ ጻፉት።

አንድ ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ አንድ ጊዜ በትህትና አስታውሱ። አሁንም ዝም ካሉ ሌላ ፕሮጀክት ፈልጉ። በየቀኑ «ምን ደረሰ?» ማለት ግን ሰው ያማርራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዚ በተባለ ፋይል የሚያሳንስ ፕሮግራም ኮድ ውስጥ ተደብቆ የገባ የጥቃት መግቢያ ተገኘ። ቀደም ብሎ፣ ለዓመታት ብቻውን የደከመውን ሜይንቴይነር «ቶሎ በል» እያሉ በመልእክት የጨቀጨቁት ሰዎች ነበሩ። ጉዱን ያስገባው፣ ሜይንቴይነሩ በዚያ ጫና ውስጥ ሆኖ ኃላፊነቱን ያካፈለው ሌላ ሰው ነው። የማታውቁት ሜይንቴይነር ጠንቃቃ ቢሆንባችሁ አይክፋችሁ።

«እሺ» ከተባለ በኋላ

መጀመሪያ ትንሹን ሥሩ። ጊትሀብ (ብዙ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ድራፍት ፑል ሪኩዌስት መክፈት ይቻላል። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ክፈቱትና «አቅጣጫዬ ልክ ነው?» በሉ። ድራፍት ማለት አላለቀም ማለት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሥራውን እይዛለሁ ብላችሁ ፈተና ከመጣባችሁ ወይም መብራትና ኔትወርክ ከጠፋባችሁ፣ ስትመለሱ ወዲያው ተናገሩ። «ለጊዜው አልቻልኩም፣ ሌላ ሰው ይያዘው» ማለት ጨዋነት ነው። ዝም ብሎ መጥፋት ግን ሌላውንም ያግዳል።

«አይሆንም» ከተባላችሁ ደግሞ ምክንያቱን ጠይቁና አመስግናችሁ ተቀበሉ። ላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ከፈቀደ ፎርክ አድርጋችሁ፣ ማለትም ኮዱን ቀድታችሁ፣ ለራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የእኔም የዘመን አቆጣጠር ኮድ በመጨረሻ ፕለጊን ሆኖ ወጥቷል።

የመሐል ሜዳው ልጅ መልስ ያገኘው በአራተኛው ቀን ነው። ሜይንቴይነሯ «ልክ ነህ፣ ቀጥል» አለችው። ስሌቱ ያለበትን ፋይል ጠቆመችው፤ የ2011ንም ሙከራ እንዲጨምር ጠየቀችው። እንደ አዲስ ሊጽፈው የነበረው ሁሉ በ12 መስመር አለቀ። ሙከራው ላይ የ2011ንና የ2015ን ጳጉሜን አስገባ። ላፕቶፑን ከመዝጋቱ በፊት ትንሽ አሰበና ጳጉሜን 6 ቀን 2019ንም ጨመረበት።