ውሃው በየት ገባ?
አሜሪካ ቤት ለገዛችሁ። ከማዕበል በኋላ ቤታችሁ ውሃ ከገባ፣ መወልወያ ከማንሳታችሁ በፊት የገባበትን ቦታ በስልክ ቅረጹ። የተገነጠለውን ጣሪያ፣ የረጠበውን ኮርኒስ፣ ግድግዳው ላይ ውሃው ያሰመረውን መስመር። ኢንሹራንሱ የሚመዝነው ውሃው በየት እንደመጣ ነዋ! ነፋስ ጣሪያ ገንጥሎ ከላይ ከገባ የቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍላል። ከመሬት ተነስቶ በበር ከገባ ግን ጎርፍ ነው፤ ለብቻው የሚገዛ ኢንሹራንስ ይፈልጋል። የፌዴራል መንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ደግሞ ከገዛችሁ በኋላ ሥራ እስኪጀምር በመደበኛው 30 ቀን ያስጠብቃል፤ ዳመና አይቶ መሮጥ ዋጋ የለውም። ስትደውሉም ጣሪያ ያፈሰሰውን በልማድ «ጎርፍ» አትበሉት። (እውነት ጎርፍ ከሆነ ግን አትዋሹ።) ለመኪና ኮምፕሪሄንሲቭ (ከግጭት ውጭ በራሳችሁ መኪና ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሚሸፍን) ካላችሁ የጎርፍ ጉዳትን ይሸፍናል፣ ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍል) ብቻ ከሆነ የለም። ውሃ የዋጠውን መኪና ሞተሩን እንዳታስነሱ!