የመዝሙር ክፍልን ዓመት እንደ ጓሮ አትክልት ማቀድ

በወሎ ደጋ ለበልግ መደብ የሚያዘጋጅ ገበሬ ዘሩን የሚጥለው መቼ እንደሚያነሳው አስቦ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍልም ዕቅዱን ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ ያውጣ።

በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የዓመቱን ሳምንታት አስምሩ። መስቀልን መስከረም 17፣ ግሸን ማርያምን መስከረም 21፣ ዘመነ ጽጌን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ጥምቀትን ጥር 11 አስፍሩ። ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ቀን ማውጫ ስሌት) አስወጥታችሁ አስገቡ። ከዚያ በሌላ ቀለም የአካባቢውን ሥራ ጨምሩበት፦ አጨዳውን፣ ውቂያውን፣ የተማሪዎችን ፈተና።

ብዙ ክፍል የሚሰናከለው ይህን ሁለተኛ ቀለም በመርሳቱ ነው። የጥምቀት ጥናት ኅዳር ላይ ይጀመራል፤ የገጠሩ አባል ግን በኅዳርና በታኅሣሥ እህል ላይ ነው። ጥር 10 ታቦት ሲወጣ ግማሹ ሰው ግጥሙን አልያዘም። አዲሱ የጥምቀት መዝሙር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ተጠንቶ ይለቅ፤ በአጨዳው ወራት በሳምንት አንድ ቀን 40 ደቂቃ መከለስ ይበቃል።

ለአንድ በዓል ሁለት አዲስና አራት የታወቁ መዝሙሮች በቂ ናቸው። ጥቅል ጎመን ተጠጋግቶ ሲተከል ቅጠሉ ይበዛል እንጂ ደህና ጥቅል አይቋጥርም፤ ስድስት አዲስ መዝሙር የተጫነበት ክፍልም አንዱንም አጥርቶ አይዘምርም።

ለአዲስ መዝሙር ስምንት ሳምንት ያዙ። ጥናት ሳይጀመር ግጥሙን መሪጌታው ይየው፤ ከተጠና በኋላ ስሕተት ማረም ሥር ከሰደደ አረም ጋር መታገል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግጥሙ በቃል ይያዝ። ቀጥሎ ለሦስት ሳምንት ዜማው በድምፅ ብቻ ይጠና። ከበሮው በስድስተኛው ሳምንት፣ ሽብሸባው በሰባተኛው ይግባ፤ ስምንተኛው ሁሉንም አንድ ላይ ማስኬጃ ነው። ከበሮ ቀድሞ ከገባ የተሳሳተውን ዜማ ይሸፍነዋል፣ ምቱም መሮጥ ይጀምራል፣ ተቀባዮቹም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። መሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ካነሳ ደግሞ ሕፃናቱ ይጮኻሉ፣ ወንዶቹ ዝም ይላሉ። የመዝሙሩን ከፍተኛ ቦታ አስቀድሞ ሞክሮ ከዚያ ይነሳ።

ዐቢይ ጾም ለዚህ ሥራ የተመቸ ወቅት ነው። ከበሮና ጸናጽል ስለማይነሱ ድምፅ ብቻውን ይሰማል፤ የትንሣኤው ዜማ ያኔ በደንብ ይጥራ።

አዲስ አባላትን በአንድ ጊዜ ወደ ጥምቀተ ባሕር አታውጡ። ችግኝ ከመደብ ሊነሳ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ዳሱ ይገለጣል፣ ውኃው ይቀነሳል፤ ካልጠነከረ በተተከለ ማግስት ይጠወልጋል። ልጆቹም መጀመሪያ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ፣ ከዚያ በወርኃዊ በዓል፣ ቀጥሎ በዓመታዊ ንግሥ ይዘምሩ። ለአራት ለአምስቱ አንድ ነባር አባል ይመደብ፤ በሰልፍም ከጎናቸው ይቁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ መሪ የሚሆነው ሰው ቢያንስ ከዓመት በፊት ተለይቶ ከበሮም መምራትም መለማመድ አለበት።

በክረምት የከበሮው ቆዳ እርጥበት ስቦ ይረግባል፣ ድምፁም ይታፈናል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ ስቀሉት፤ ከጥናት በፊት ለስለስ ያለ ፀሐይ ይምታው። እሳት አጠገብ አታስጠጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።